ጉዳዩ፦ ራስን ስለመግለጽ

ባለፈው ጥቅምት ሦስት ወጣቶች የጻፉትን እንዳነብላቸው ላኩልኝ። አንዱ በሆሳዕና ዙሪያ ተወልዶ ያደገ የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ነው። ሁለተኛዋ ከዱራሜ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ሦስተኛው ሾኔ ላይ ፊዚክስ ያስተምራል። እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሦስቱም ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር እያመለከቱ ናቸው፤ ሦስቱም «ስቴትመንት» ወይም «ሞቲቬሽን ሌተር» የሚባለውን፣ አመልካቹ ስለራሱ የሚጽፈውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተዋል። ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ። ጸሐፊው ከልጅነቱ ጀምሮ፣ በፍጥነት በሚለዋወጠው በዚህ ዓለም ውስጥ፣ ለሙያው የማይበርድ ፍቅር አለው። የሚለያየው የሙያው ስም ብቻ ነው።

ሦስቱንም በቅርብ ስለማውቃቸው አዘንኩ። የማላውቃቸው ቢሆን ኖሮ «አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ብዬ ሁለት የፊደል ስህተት አርሜ እመልስላቸው ነበር። ነገር ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀርባ ማን እንደተደበቀ አውቃለሁ።

የዕፅዋት ሳይንሱን ምሩቅ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አስተምሬዋለሁ። ጎፈር ሜዳ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ዘንድ ተቀመጥንና ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«እንሰት ላይ ልሥራ ያልከው ለምንድን ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር? በቢላ ምክንያት ነው።»

እሱ ልጅ ሳለ የእናቱ ጓሮ ውስጥ ያለውን እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ያዘው። ቅጠሉ ከመሐል ጀምሮ ይበጫል፣ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ በሽታው ከተክል ወደ ተክል በቢላ እንደሚተላለፍ ነገራቸው፤ ቢላውን በእሳት ለብልቡት፣ ለሌላ ሰው አታውሱ አለ። እናቱ ምክሩን ከልባቸው ተቀበሉ። በሳምንቱ ጎረቤታቸው እንደ ወትሮው ቢላ ሊዋሱ መጡ። እናቱ አልሰጥም አሉ። በእኛ አገር እንሰት የሚፋቀው በማኅበር ነው፤ ሴቶቹ ዛሬ አንቺ ቤት ነገ እኔ ቤት እየተባባሉ ተራ ይዘው ነው የሚሠሩት። ቢላ መከልከል ያን ማኅበር መከልከል ነው። ጎረቤቲቱ ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለቡናም አልመጡም፤ የዚያ ዓመት መስቀል ሁለቱ ቤቶች ሳይጠራሩ አለፈ። የእናቱ ጓሮ ተረፈ። የጎረቤቲቱ እንሰት ግን አለቀ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ዕፅዋት በሽታ ሲማር አጠውልግን በመጽሐፍ አገኘው። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው ለሳይንስ ዓለም ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸው ባክቴሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ላይ ሙዝ ውስጥ ተገኘና በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የብዙ ሚሊዮን ገበሬ ጭንቀት ሆነ። ልጁ ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ገረመው። የቢላው ሳይንስ ከታወቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያልታወቀው የጎረቤቱ ነገር ነው። መንደሩ ሳይቀያየም ቢላ የሚጸዳበት፣ የታመመ እንሰት በጋራ የሚነቀልበት መንገድ ምንድን ነው? መማር የፈለገው ይህን ነው።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት።

«ይሄማ የቤት ወሬ ነው፣ ቲቸር።»

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። አንድ ባለ ዲግሪ ወጣት በሕይወቱ ያገኘውን ትልቁን የምርምር ጥያቄ «የቤት ወሬ» ብሎ ይጥለዋል፤ ከቴሌግራም የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ደግሞ «የተማረ ሰው ጽሑፍ» መስሎ ይታየዋል። ይህን ማን አስተማረው? ቆም ብዬ ሳስበው ያስተማርነው እኛው ነን። እኔም አለሁበት፤ ለዓመታት በክፍል ያጻፍኩት ድርሰት ስለ ውኃ ጥቅምና ስለ ትምህርት አስፈላጊነት ነበር።

በአማርኛ አብዛኞቻችን ስለራሳችን የጻፍነው የመጀመሪያ ወረቀት ማመልከቻ ነው። ከላይ «ለ» ይላል፣ ከሥሩ «ጉዳዩ» ይላል፣ ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ተብሎ ይቀጥላል፤ ሰውየው «እኔ አመልካች» ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይፈርማል። ፍርድ ቤትና ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች ይህን ቅርጽ በቃላቸው ያውቁታል፤ የመሬት ክርክርም ይሁን የጠፋ መታወቂያ፣ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው። መሆንም አለበት። ማመልከቻ የሚነበበው በደጅ ጥናት ሥርዓት ነው፤ አመልካቹ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ከሌላው አመልካች ጋር በተመሳሰለ ቁጥር ጉዳዩ ይቀለዋል። ጎልቶ የታየ ሰው ፋይሉ ይዘገያል። ይህን ሥርዓት በአጥንታችን ይዘን ሄደን «ስለራስህ ንገረን» ከሚል ሰው ፊት ስንቆም የምናቀርበው ያንኑ ማመልከቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚለው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ነው።

በሀዲያና በከምባታ ስለራስ መናገር የምንማርበት ሌላ ትምህርት ቤት አለን፤ እሱም ምስክርነት ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ቃለ ሕይወትም ሄደ መካነ ኢየሱስ፣ ከጉባኤ ፊት ቆሞ ስለ ሕይወቱ የሚናገር ሰው ሲሰማ አድጓል። በአገራችን ተራ ሰው ስለራሱ በአደባባይ ረዥም ታሪክ የሚናገርበት ሌላ መድረክ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ለምስክርነት ባለውለታ ነን። ልጆቻችን ታሪክ እንዴት እንደሚጀመር፣ ሰሚው የት ላይ ትንፋሹን እንደሚይዝ ከዚያ ነው የተማሩት። ነገር ግን በምስክርነት ሥራውን የሚሠራው እግዚአብሔር ነው፤ ተናጋሪው ተቀባይ ነው። «እኔ ይህን አደረግኩ» ማለት ትዕቢት ነው። የደብዳቤው አንባቢ «አንቺ ምን አደረግሽ?» ብሎ ሲጠይቅ አዋላጇ ነርስ የጻፈችው በሙሉ በእሷ ላይ የተደረገውን ነው፦ ተወለድኩ፣ ተቸገርኩ፣ ተረዳሁ፣ ተመረቅኩ። አንድም ቦታ ላይ እጇ አይታይም። ሌሊት በባትሪ ብርሃን የምታዋልድ ሴት እጇ አይታይም!

ለመሆኑ ይህ ደብዳቤ ምንድን ነው? አንባቢው ዳኛም የጽሕፈት ቤት ኃላፊም አይደለም። ሁለት ወይም አምስት ዓመት አብሮት የሚሠራ ተማሪ የሚመርጥ መምህር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ብዙ መቶ ፋይል አለ፤ ለእያንዳንዱ ደቂቃዎች ብቻ አሉት። ውጤትህን ከትራንስክሪፕቱ ያያል፤ በደብዳቤው ውስጥ ደግመህ ብትዘረዝርለት ጊዜውን ትወስድበታለህ። ማወቅ የሚፈልገው ምን ጥያቄ እንደያዝክ፣ ጥያቄውን ከየት እንዳመጣኸው፣ እስካሁን ምን እንደሞከርክበትና ለምን ወደ እሱ ዘንድ እንደመጣህ ነው። አሜሪካኖቹ አንዳንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ይጠይቃሉ፤ አንዱ ስለ ትምህርትና ምርምር ዓላማህ ነው፣ ሌላው ስላደግክበት ሕይወት ነው። ሁለቱን ያምታታ ብዙ ሰው አይቻለሁ። የእንግሊዞቹ የትምህርት ዕድል ቼቭኒንግ ደግሞ ጥያቄውን ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ስለ መሪነት፣ ከሰዎች ጋር ስላለህ ግንኙነት፣ ስለ መረጥከው ትምህርትና ስለ ወደፊት ሥራህ ለየብቻ ትጽፋለህ። ከዚያ በፊት 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ይህም ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነው። አገራችን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ጠይቃህ አታውቅም። ለመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒስቴሩ ይመድብሃል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ትፈተናለህ፣ ውጤትህ ይታያል። ለምን መማር እንደፈለግክ በወረቀት የሚጠይቅህ የለም ለማለት ይቻላል።

ከዚህ አካባቢ የተገኘች ሴት ወደ ባሕር ማዶ ስለላከችው ደብዳቤ እዚህ ላይ ማንሳት እወዳለሁ። የሆሳዕናው ሆስፒታል በስሟ የተጠራው ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበረች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጽፋ ማቴዎስ በተባለ መልእክተኛ ላከች፤ እሱም በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደረሰ። የደብዳቤው ይዘት እንደሚታወቀው በባሕር ላይ ኃይል እንደሌላት አልደበቀችም፤ በየብስ ግን ሰውና ስንቅ እንዳላት ተናገረች፤ እናንተ መርከቡን አምጡ፣ እኛ ይህን እናመጣለን ነው የሐሳቧ አካሄድ። የጎደላትንም ያላትንም በስሙ ጠራች። ተማሪዎቻችን በዚያ ሆስፒታል በር በየቀኑ ያልፋሉ። እሷ ግን ስትጽፍ አልተሽቆጠቆጠችም፣ የሌላትንም አለኝ አላለችም።

ወደ ፊዚክስ መምህሩ ልመለስ። እሱ ደብዳቤው ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ አንስታይንን ሲያደንቅ እንደኖረ ጽፏል። ውሸት ነው። ፋርማሲ ነበር የፈለገው፤ ፊዚክስ «ደረሰው»። ይህ «ደረሰኝ» የሚለው ቃል የኛ ትውልዶች ቃል ነው። ሰባ ከመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ በተባለባቸው ዓመታት ስንቱ ልጅ በምርጫ ቅጹ ላይ አሥረኛ ያደረገው ትምህርት ደርሶታል። አሁን የውጭ አገር ፎርም «ይህን ሙያ ለምን መረጥክ?» ሲለው ምን ይበል? አልመረጥኩም ቢል ቦታውን የሚያጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ያልነበረ ልጅነት ይፈጥራል።

እኔ የምለው እውነቱን ጻፍ ነው። ተመድበህ ገብተሃል፤ ቆይተህስ? ሾኔ ላይ ምን ሠራህ? ስጠይቀው ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የለውም። ከክፍሉ ጣሪያ ማገር ላይ አንድ ሜትር ክር አንጠልጥሎ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰረ፤ ተማሪዎቹ በስልክ ሰዓት የሃያ ውዝዋዜ ጊዜ ለኩ፤ አርባ ሰከንድ ገደማ መጣ። ከዚያ የመሬትን ስበት አሰሉ። አንዱ ቡድን 9.5 አገኘ፣ መጽሐፉ 9.8 ይላል። «መጽሐፉ ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ?» አለች አንዲት ልጅ። በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከራከሩ፦ ክሩ የተለካው እስከ ድንጋዩ ጫፍ ነው ወይስ እስከ መካከሉ? ሰዓቱ የተጀመረው በስንት ሰከንድ ዘግይቶ ነው? መምህሩ ይህን ሲያወራልኝ ፊቱ በራ። ፊዚክስ ደርሶት ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ግን የመረጠው እሱ ራሱ ነው። ደብዳቤው ውስጥ የዚያች ልጅ ጥያቄ የለም። አንስታይን አለ።

እሱ ያጠፋው ሌላም ነገር ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ እንዳለው፣ የዩኒቨርሲቲ ኪሱን የሞላለትም እሱ እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ ቆየና ሰረዘው። «ይሄም ሄዶ ይቀራል ይሉኛል» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። የሆሳዕናን አዳዲስ ፎቆች የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ የየሰፈሩን የሐዘን ድንኳን የሚያውቅም እንዲሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱት 64 ሰዎች ዜና ሲሰማ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ፤ ከዚህ አካባቢ በዚያ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጅ የሸኘ እናትና አባት በሙሉ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም። ታናሽ ወንድም ፊዚክስ እንዲማር ታላቅ ወንድም ያን መንገድ ሄዷል። ይህን መሰረዝ የቤተሰቡን ግማሽ መሰረዝ ነው። ሄደህ ትቀራለህ ለሚለው ጥርጣሬ ደግሞ መልሱ ዝምታ አይመስለኝም። የአሜሪካኖቹ ፉልብራይትም ቼቭኒንግም ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ አገር ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየትን ይጠይቃሉ፤ አንባቢው የሚፈልገው ወደ የትኛው ክፍል፣ ወደ የትኛው ሥራ እንደምትመለስ ነው። «አገሬን አገለግላለሁ» አይበቃውም። ያ ክር የተንጠለጠለበት ክፍል ይበቃዋል።

አሁን የከበደኝን ልናገር። አዋላጇን ነርስ አንድ የሚከፈለው «አማካሪ» ደብዳቤዋን አይቶ «ችግር ጨምሪበት፣ ነጮች እንባ ይወዳሉ» ብሏት ነበር። ጨመረችበት። የረሃብ ዓመት፣ የአባት ሞት፣ ባዶ እግር፤ አንዳንዱ የሷ ነው፣ አንዳንዱ የጎረቤት ነው። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ድህነታችን እውነት ነው፤ ማንም እንድንደብቀው ሊጠይቀን አይገባም። ነገር ግን የራስን ቁስል እየላጡ ለእንግዳ ማሳየት ሌላ ነገር ነው፤ የጎረቤትን ቁስል የራስ ማድረግ ደግሞ ስርቆት ነው። እንዲህ ተደርጎ ከተገኘ ዕድል ጋር ሰው እንዴት ይኖራል?

«ዶ/ር ቦጋለችን አስቢ» አልኳት። ከምባታ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ቦጋለች ገብሬ ሴት ልጅ በማትማርበት ዘመን ውኃ ልትቀዳ የሄደች መስላ ፊደል የቆጠረች ልጅ ነበሩ። ኢየሩሳሌም ሄደው ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ፤ በፉልብራይት አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ገቡ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ኤፒዴሚዮሎጂ ማጥናት ጀመሩ። በልጅነታቸው ተገርዘዋል፤ እህታቸውን በወሊድ ምክንያት አጥተዋል። ይህን ሁሉ ለዓለም ተናግረውታል፤ አልደበቁትም። በ1997 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ»ን መሠረቱ፤ የከምባታ ሴቶች በአንድነት እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ። ስለ ግርዛት ሊያወሩ የመጡት ሴት ሕዝቡን መጀመሪያ ምን እንደቸገረው ጠየቁ፤ ሕዝቡ ድልድይ ነው አለ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛት የሚደረገው ረዥም ውይይት ከዚያ ቀጠለ፤ ሴቶችም ወንዶችም ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ግርዛት የአካባቢው ደንብ መሆኑ ቀረ። ቤልጂየም ውስጥ የንጉሥ ቦዱዋን የልማት ሽልማት የተሰጣቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ።

የቦጋለችን ሕይወት በደብዳቤ ብንጽፈው አማካሪው ቁስሉ ላይ ያቆመው ነበር። ትልቁ ነገር ያለው ግን ድልድዩ ላይ ነው። አዋላጇን «ያንቺ ድልድይ የቱ ነው?» አልኳት። ለረዥም ጊዜ አሰበች። ከዚያ ጤና ጣቢያው ውስጥ እናቶች ከወለዱ በኋላ ቶሎ ወደ ቤት የሚሮጡት ለምን እንደሆነ አንድ ዓመት ሙሉ በደብተሯ ስትመዘግብ እንደቆየች ነገረችኝ። ማንም አላዘዛትም። ገንፎ ነው ምክንያቱ፤ ቤት ትኩስ ገንፎ በቅቤ ይጠብቃቸዋል፣ ጤና ጣቢያው ግን ባዶ ነው። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተነጋግራ ገንፎ የሚያገነፉበት ቦታ በግቢው ጥግ አዘጋጀች። የሚቆዩት በዙ፤ ስንት እንደሆኑ ደብተሯ ላይ አለ። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳቸው እናቶች አብዛኞቹ አደጋው የሚመጣባቸው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ ያ ገንፎ ነፍስ የሚያድን ገንፎ ነው። ይህ ሁሉ ደብዳቤዋ ውስጥ አልነበረም። ስለ ባዶ እግር ግን አንድ አንቀጽ ነበር።

ስለ አማካሪዎቹ ብዙ አልልም። ናሙና ማየት ክፉ አይደለም፤ ሰው ቅርጽ የሚማረው ከሰው ነው። ናሙናውን መሸጥና ስም ቀይሮ ማስላክ ግን ወጣቱን የሚጎዳ ንግድ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መጥተው ነገሩን ቀላል አድርገውታል፤ የተጻፈላችሁ እንግሊዝኛ ስህተት የለበትም፣ ሰውም የለበትም። ሰዋስው ያርምላችሁ፤ ታሪካችሁን ግን እሱ ሊያውቀው አይችልም፣ ቢላውንም ገንፎውንም አላየም። ሌላው የሚያሳዝነኝ የድጋፍ ደብዳቤ ነገር ነው። «አንተው ጻፈውና አምጣ፣ እፈርማለሁ» የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው። ድካማቸውን አውቃለሁ፤ አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ግን ተማሪው የራሱን ምስክር ራሱ እንዲጽፍ ስታደርጉት ሌላ ሰው እሱን አይቶታል የሚለው ነገር ይጠፋል። ሦስት መስመር ቢሆን ራሳችሁ ጻፉለት። የማመልከቻ ክፍያውን በተመለከተም አንድ ቃል ልጨምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። በዚህ ላይ ክፍያውን የሚልክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኢሜይል ሲጠየቁ ክፍያውን ያነሳሉ፤ ጠይቁ። ልመና አይደለም፣ የሥራቸው አካል ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የምጠይቀውም ከሆሳዕናና ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከሺንሺቾ መምህራን ነው። ልጆቹ ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ሆኖ በባዕድ ቋንቋ የመጨረሻ ቀን ሲያሯሩጣቸው ስለራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲጽፉ አታድርጓቸው። በሰባተኛ ክፍል በሀዲይኛ ይጻፉ፣ በከምባትኛ ይጻፉ፣ በአማርኛ ይጻፉ። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው የሆነውን አንድ ነገር፣ እነሱ ያደረጉበትን ጨምረው ይጻፉ። የውኃ ጥቅም ይቆይ።

የዕፅዋት ሳይንሱ ልጅ ደብዳቤውን በሁለት ሳምንት እንደገና ጻፈው። በቢላው ጀመረ። ከመላኩ በፊት «ለእናትህ አንብብላቸው፤ ታሪኩ የሳቸውም ነው» አልኩት። ቅዳሜ ገጠር ሄዶ እንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ሀዲይኛ እየመለሰ አነበበላቸው። እናቱ እንሰት ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ሁለት ነገር አረሙት። ቢላውን የከለከሉት በሳምንቱ ሳይሆን በማግሥቱ ነው። ደግሞም የጎረቤቲቱ እንሰት ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ልጁ ከተማ ሲማር፣ ከራሳቸው ጓሮ አሥራ ሁለት ጤነኛ ችግኝ ነቅለው ሌሊት በጎረቤቲቱ አጥር ሥር አስቀምጠውላቸው ነበር። ጎረቤቲቱ ማን እንዳመጣው አልጠየቁም፤ ተከሉት። ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደወለልኝ። «ቲቸር፣ አንድ አንቀጽ ልጨምር ነው፤ የቃላቱ ቁጥር ያልፍብኛል። ከላይ ምን ልቀንስ?»